በኖላዊት ቤት መልስ አይሰጥም

አቤኔዘር ሚስቱን «እኚህ ሴትዮ» እያለ መጥራት ከጀመረ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። መጀመሪያ ሲላት ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሳቋ ግን በእሱ ጆሮ የሌላ ሰው ሳቅ ሆኖ ነው የገባው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ባለቤቴን ቢጠሩልኝ?» አለ።

ባለቤቱ እሷ ነበረች። ፍካት ትባላለች። የሁለቱም ጸጉር ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ቤት ኖረዋል፤ አንድ ልብስ ስፌት ከፍተው ዘግተዋል፤ አንድ ልጅ ወልደው ቀብረዋል። የስኳር ሕመሙ መጀመሪያ የወሰደው የአቤኔዘርን የጣቶች ስሜት ነው። ቀጥሎ ዓይኑን ወሰደ። ጆሮውም ሲከተል የተኛበት የሕሙማን ማረፊያ ቤት ሐኪሞች ከጆሮው ጀርባ፣ አጥንቱ ውስጥ፣ መስሚያ ቀበሩለት። መስሚያው የተከፈተ ዕለት ውጭ ዝናብ ይዘንብ ነበር። «ቆርቆሮው!» ብሎ ጮኸ አቤኔዘር። «ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ! ፍኬ፣ እስቲ አንቺም ተናገሪ!»

«አለሁ፣ አንተ ሰውዬ» አለችው።

ሲያበራ የነበረው ፊቱ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየች።

መስሚያዎች የተመዘገበ ድምፅ ያለፈቃድ አያሳልፉም። አጥንት ውስጥ የተቀበረውም፣ ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ ሰክቶት የሚዞረውም ያው ነው። የፍካት ድምፅ የእናቷን የኖላዊት ደጀኔን ድምፅ ይመስላል። ኖላዊት አገር ያለቀሰላት ዘፋኝ ነበረች፤ ድምፅዋ እሷ ከሞተች በኋላ በቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ፍካት በተናገረች ቁጥር ሰሚው የሚሰማው ምትኩን ነው፦ የጠራ፣ የማይደሰት፣ የማያዝን የሴት ድምፅ። አውቶቡስ ላይ «በሩ ሊዘጋ ነው» የሚለውም ይኸው ድምፅ ነው። ገበያ ገብታ «ሽንኩርቱ የዛሬ ነው?» ስትል ነጋዴዎቹ ቀና አይሉም፤ ማስታወቂያ ይመስላቸዋል። ሰው ከማናገሯ በፊት ትከሻውን መንካት ለመደች። አንዳንዱ ይቆጣል።

ሕጉ የወጣው በክፋት አልነበረም። ከዚያ በፊት የኖላዊት ድምፅ ሳሙና ያስተዋውቅ ነበር። ሰምታቸው የማታውቃቸውን ፓርቲዎች ምረጡ ይል ነበር። ሰው ቤት ደውሎ «ልጄ፣ ቸግሮኛል» ይል ነበር። ሲከለከል ሕዝቡ እሰይ አለ፤ ፍካትም እሰይ ብላለች። ያን ጊዜ የእሷ ድምፅ ገና የልጅ ነበር፤ ከእናቷ ጋር የሚያምታታው አልነበረም። መመሳሰሉ ከዓመታት በኋላ፣ እንደ ሽበት፣ ሳይታወቅ ነው የመጣው። ቢመጣም ደግሞ ብዙ አልጎዳትም። እሷና አቤኔዘር ማታ ቤት ሲገቡ መስሚያቸውን አውልቀው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡ ነበር። ትዳራቸው ያለመስሚያ ነበር።

አሁን የሚወለቅ ነገር የለም። የአጥንቱ መስሚያ ከተዘጋ አቤኔዘር ምንም አይሰማም። የሚሰማው ምትክ የሚስቱ መሆኑን እሷም ሐኪሞቹም ደጋግመው ነግረውታል፤ በዚህ ድምፅ የሚናገር ማንም ሊሆን ይችላል ብሎ አያምንም።

ለቤተ ዘመድ አንድ መንገድ ክፍት ነው። ድምፁ ከተመዘገበው ድምፅ እንደሚለይ ያሳየ ዘመድ ፈቃድ ያገኛል። ፍካት ስታመለክት የጠየቀችው የሁሉንም ሰው ጆሮ አይደለም፤ የአንድ ሰው ጆሮ ነው። ወረፋዋ የደረሰው በሰኔ ነበር። ያው ሰሞን የማረፊያ ቤቱ ሐኪም ኮሪደር ላይ አቁሟት፣ «ልቡ ደክሟል። ክረምቱን ይወጣል ብለን ባንጠብቅ ይሻላል» አላት። አነጋገሩ የተለሳለሰ ነበር። ሲናገር ግን ዓይኑ ከእሷ ራስ በላይ ነበር፤ ሰዎች ምትክ ድምፅ ያለውን ሰው ሲያናግሩ እንዲህ ያደርጋሉ፣ ሳያስቡት።

ልዩነቱ የሚፈተነው ደሴ ነው፣ በራሷ በኖላዊት ቤት።

ባቡር ላይ ከፊት ለፊቷ የተቀመጠች ወጣት ያቀፈችው ሕፃን እስከ ኮምቦልቻ ድረስ አለቀሰ። ሕፃናት መስሚያ የላቸውም። ፍካት ጎንበስ ብላ፣ «ምነው የኔ ጌታ? ምነው?» አለችው። ሕፃኑ ዝም አለና አፏን አየ። እናቱ በመገረም ቀና አለች፤ እሷ የሰማችው የበር ማስታወቂያውን ነው። ፍካት ቀሪውን መንገድ ለሕፃኑ ስታወራለት ሄደች። ድምፅዋን እንዳለ የሰማ ሰው ካገኘች ቆይታለች።

*

ቤቱ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ጉም አጥሩን ዘሎ ገብቶ ግቢው ውስጥ ይንቀዋለል። ፍካት እዚህ ቤት ተወልዳ አድጋለች፤ ቁልፉን ለቅርስ ማኅበር ካስረከበች ወዲህ ግን ረግጣው አታውቅም። በሩ ላይ የተቀበላት የቅርስ ማኅበሩ ሠራተኛ ኢዮስያስ የሚባል ጎልማሳ ነው። ፈታኝ ስለሆነ በደንቡ መሠረት መስሚያውን አውልቆ ኪሱ ከተተ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እናቴ።»

«እንኳን ደህና ቆየኸኝ።»

ኢዮስያስ ደንገጥ አለ። «ይገርማል።»

«ምኑ?»

«ምንም። እስቲ… አንድ ጊዜ ‹ምኑ› ይበሉልኝ?»

«ልጄ፣ ልትፈትነኝ ነው ወይስ ልትዝናናብኝ?»

ሳቀ። ጥሩ ልጅ ነበር፤ ይህን ማንሳት ተገቢ ነው። ውሃ አቀረበላት፤ ወንበሩን ከብርዱ አራቀላት፤ ደንቡንም ሁለቴ አስረዳት።

«ፈተናው ሁለት ነው። መጀመሪያ ያነባሉ። ከዚያ ቤቱን እንደ ማንኛውም ጎብኚ ዞረው ይወጣሉ። ቤቱ አተነፋፈስዎን፣ ሳልዎን፣ ሲቆዝሙ የሚያሰሙትን ሁሉ ከኖላዊት ድምፅ ጋር ያስተያያል። ብቻ በዙረቱ ጊዜ መልስ አይሰጥም። ቤቱ ይናገራል፤ ሊያናግርዎትም ይችላል። የመለሰ ሰው ከቤቱ ጋር ተጨዋውቷል፤ የተጨዋወቱበት ድምፅ ደግሞ የቤቱ ይሆናል። ለሁሉም ጎብኚ የምንናገረው ነው። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። እርስዎ ግን—»

«እኔ ግን ዝም።»

«እርስዎ ግን ዝም፣ እናቴ።»

ያነበበችው ስለ ውሃ ፓምፕ አጠባበቅ የሚያትት ገጽ ነበር። ዘይቱ መቼ እንደሚቀየር፣ ጎማው ሲላላ ምን እንደሚደረግ። ባለ በሌለ ጥንቃቄዋ አነበበችው። ስትጨርስ ኢዮስያስ ፊት ያለው ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመሮች፣ የእሷ ድምፅና የእናቷ፣ ተለያይተው ቆሙ። እሱም ሳያስበው ጭኑን መታ።

«ዕድሜ ረድቶዎታል! ያውቃሉ፣ ኖላዊት አላረጀችም። ስታርፍ ዕድሜዋ ከእርስዎ ያነሰ ነበር። እዚህ ቤት ውስጥ ያረጀች ኖላዊት የለችም። ይሄ ሻከር የሚለው፣ ቃሉ መጨረሻ ላይ ወረድ የሚለው፣ የእርስዎ ብቻ ነው።»

«አለፍኩ ማለት ነው?»

«በእኔ በኩል ጨርሰዋል ማለት ይቻላል። ከጓሮው በር እስኪወጡ ብቻ።»

ፍካት ነጠላዋን አስተካከለች። ነገ ጠዋት አቤኔዘር አልጋ አጠገብ ተቀምጣ መጀመሪያ የምትለውን ነገር ማሰብ ጀመረች። ብዙ ነገር መጣላት፤ የትኛውም አልበቃትም።

*

ቤቱ አንድ ቀን ላይ ቆሟል፤ አንድ የሰኔ ከሰዓት በኋላ ላይ። መስኮቱ ላይ የዚያን ቀን ደብዛዛ ብርሃን ይታያል፤ ውጭ ፀሐይ ብትወጣም ይኸው ነው። የተቁላላ ሽንኩርት ይሸታል፤ ምድጃው ላይ ግን ምንም የለም። አልጋው ሥር የኖላዊት ሸበጥ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ እንደተገለበጠ ይጠረጋል፣ እንደተገለበጠ ይመለሳል። ጓሮ በር ላይ የፕላስቲክ መታጠቢያ ውስጥ የተማሪ ልብስ ተዘፍዝፏል። ውሃው በየጠዋቱ ይቀየራል። ልብሱ የፍካት ነው። መለያ ሰሌዳው፣ «ልጅቷ በዚህ ሰዓት ትምህርት ቤት ናት» ይላል።

ከእሷ ጋር የሚዞሩት ባልና ሚስት ነበሩ፣ ከወልዲያ የመጡ፣ ሁለቱም ጡረተኞች። እትዬ ቢታኒያና አቶ ኪሩቤል።

«ይቺ ናት አልጋዋ?» አሉ እትዬ ቢታኒያ። «በዚህች ተኝታ ነው ያን ሁሉ ሰው ያስለቀሰችው?»

«አንቺ ደግሞ፣ ተኝታ አይደለም ያስለቀሰችው። ቆማ ነው።»

«ዝም በል እስቲ። ልጅ ነበረቻት አሉ።»

«ሞታለች መሰለኝ።»

«በስመ አብ! ማን ነገረህ?»

«ብትኖር ትታይ ነበራ! ይህን የመሰለ ቤት ጥላ የት ትሄዳለች?»

እትዬ ቢታኒያ ወደ ፍካት ዞሩ። «እህቴ፣ ልጅቷ አለች ሲሉ ሰምተሻል?»

ፍካት ትከሻዋን ሰበቀች።

«አየህ፣ እሷም አታውቅም» አሉ ባላቸውን፣ ክርክሩን ያሸነፉ ይመስል።

ቤቱ አልፎ አልፎ ድምፅ ያሰማል። የሆነ ክፍል ውስጥ ኖላዊት ታንጎራጉራለች፤ ትረሳና ከመሃል ትጀምራለች፤ የምታንሸራትተው ድስት ይሰማል። እትዬ ቢታኒያ በደስታ፣ «እንደምን ዋልሽ፣ የኔ እመቤት!» ብለው ጮኹ። «ግቡ፣ ግቡ» አለ ቤቱ። «ቤቱ ተዝረክርኳል፤ አትታዘቡኝ።» «ኧረ ምን በወጣሽ!» አሉ እትዬ ቢታኒያ። ጉንጫቸው ቀላ። ድምፃቸውን ለቤቱ ሰጡ፤ ምንም አልጎደለባቸውም።

ፍካት ከንፈሯን ነክሳ አለፈች። መኝታ ቤቱን አለፈች። ቴፑንና የቁም መስታወቱን አለፈች። እናቷ የታመመች ጊዜ መድኃኒቷን ታስቀምጥበት የነበረውን የመስኮት ደፍ ሳታይ አለፈች። የጓሮው በር ታያት። በመስታወቱ ማዶ ኢዮስያስ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ።

ማድ ቤቱ ውስጥ ስትደርስ፣

«ኩኩሻ!»

«አቤት!» አለች።

ኩኩሻ የቤት ስሟ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ስም የጠራት ሰው የለም፤ አቤኔዘርም አያውቀውም። ልጅ ሳለች በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ማለት ነበረባት። «ወዬ» ለእኩያ ነው፣ «ምን» የባለጌ ነው፤ እናቷ በዚህ ቀልድ አታውቅም ነበር። አጥፍታ «ምን» ካለች እንደገና ትጠራለች፣ አሁንም ካጠፋች እንደገና፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ መልሱ እስኪቃና። እንዲህ ያደገ ሰው ሲጠራ አስቦ አይመልስም። «አቤት» ሲል ከአፉ የሚወጣው ነገር ከሐሳቡ በፊት ነው የሚደርሰው።

ኢዮስያስ በመስታወቱ ማዶ መዳፉን አነሳ። ቁሚ፣ በቃ፣ ማለቱ ነበር። አንዲት ቃል ብዙ አይደለችም፤ ሊታለፍ ይችል ነበር። በኋላም እንዲሁ ነግሯታል።

«የት ገብተሽ ነው እስካሁን?» አለ ቤቱ። «በልተሻል?»

ፍካት ዝም አለች። እግሯ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«እያናገርኩሽ እኮ ነው፣ ኩኩሻ።»

«በልቻለሁ፣ እማዬ።»

«ምን በላሽ?»

«ባቡር ላይ ዳቦ።»

«ዳቦ ብቻ! ድምፅሽስ ምን ሆኗል? ሻክሯል። ጉንፋን ነው?»

«አርጅቼ ነው፣ እማዬ።»

የማንጎራጎሩም፣ የድስቱም ድምፅ ቆመ።

«ነይ ቁጭ በይ እስቲ» አለ ቤቱ። «ንገሪኝ።»

ኢዮስያስ አሁን በሁለት እጁ ነበር የሚያውለበልበው። ፍካት አየችው። ማንም አላታለላትም፤ ደንቡን ሁለቴ ሰምታዋለች፤ ምን እየሆነ እንደነበረም ታውቃለች። ግን «ንገሪኝ» ያላት ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው። በርጩማው እዚያው የነበረበት ቦታ ነበር። ተቀመጠች።

አቤኔዘርን ነገረቻት። በጎርፍ የተቆረጠ መንገድ ላይ አብረው ሲያድሩ እንዴት እንደተዋወቁ። ደስ ሲለው «ፍኬ» እንደሚላት፣ ሲያኮርፍ «ወይዘሮ ፍካት» እንደሚላት። ዳቦ ሲበላ መጀመሪያ ዳር ዳሩን እንደሚጨርስ። ከእንቅልፉ ሲነሳ ከሁሉ በፊት ስለ ደመናው እንደሚጠይቅ፣ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህም ቢሆን። ቤቱ ጥያቄ ያውቅበታል። «አንቺስ ምን ትይዋለሽ?» አላት። «አንተ ሰውዬ» አለች። «ሲስቅ እንዴት ነው?» አላት፤ እንደ እሱ ሳቀች። «ልጃችሁ ሲሞት ምን አለሽ?» አላት። ለማንም ተናግራው የማታውቀውን፣ አቤኔዘር በዚያ ሌሊት ጆሮዋ ሥር የነገራትን፣ ለእናቷ ነገረቻት። አለቀሰች። ቤቱም የሚያለቅስ ሰው የሚያባብል ለስለስ ያለ ድምፅ አሰማ፦ «እኮ፣ እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«ውይ!» አሉ እትዬ ቢታኒያ ከበሩ ሥር፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። «ኪሩቤል፣ ልጅቷ እኮ ናት!»

*

ሰሌዳው ላይ ሁለቱ መስመሮች ገጥመው አንድ ሆነዋል።

ኢዮስያስ «እናቴ፣ ምን ልበልዎት» አለና ጎንበስ አለ። ጠዋት የነበረው ልዩነት አሁን የቤቱ ነው። ሻከር የሚለው፣ ቃሉ መጨረሻ ላይ ወረድ የሚለው፣ ሲያለቅስ የሚሰነጠቀው፣ ሁሉም ገብቷል። ያረጀች ኖላዊት አለች።

«ሆን ብሎ ነው የጠራኝ?» አለች ፍካት።

«ቤቱ በየቀኑ ማድ ቤቱ ጋ ይጣራል። ድሮ የተቀዳ ጥሪ ነው። ጎብኚዎቹ አንዳንዴ ለጨዋታ ‹አቤት› ይሉታል፤ ያልፋቸዋል።»

«እኔን አላለፈኝም።»

«እርስዎን አላለፈም።»

«አውቆኝ ነው?»

ኢዮስያስ አሰበ። መዋሸት የሚችል ሰው አልነበረም። «የሚያውቅ ነገር የለም፣ እናቴ። ይመዝናል። የእርስዎ መልስ ክብደቱ ገጠመለት፤ ከዚያ የጎደለውን ጠየቀ።»

መስኮቱ ላይ ጉሙ ተጠግቶ ቆሟል። ኢዮስያስ ሌላ ነገር አነሳ። «ማኅበሩ ለቤተ ዘመድ የሚያደርገው አንድ አገልግሎት አለ። የኖላዊት ድምፅ አሁን የእርስዎም ነው ማለት ይቻላል፤ ባለቤትዎን ቤቱ ራሱ በዚያ ድምፅ ሊያነጋግራቸው ይችላል። ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ድምፁ የራሱ ነው። ታሪካችሁን ደግሞ ነግረውታል። በሽተኛ ያጽናናል፤ ብዙ ቤተሰብ ተጠቅሞበታል» አለ።

«እኔስ?»

«እርስዎ… አጠገባቸው ይሆናሉ።»

«አይሆንም» አለች ፍካት። ኢዮስያስ ከኪሱ አውጥቶ ጆሮው ላይ ሰክቶት በነበረው መስሚያ የገባለት፣ በሩ ሊዘጋ ነው የሚለው ድምፅ ነበር።

*

ማረፊያ ቤቱ ስትመለስ አቤኔዘር ምግብ መብላት አቁሞ ነበር። አስታማሚዋ ማንኪያውን ይዛ አልጋው አጠገብ ቆማለች፤ እሱ ጥርሱን ገጥሞ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ፍካት ገብታ ወንበሯን ሳበች። ኮቴዋን ሰማ።

«መጡ?» አለ። «እርስዎ ነዎት አይደል? እኚህ ሴትዮ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ነው የሰነበትኩት።» ድምፁ ደክሟል፣ ግን የተረጋጋ ነው፤ ነገሩን አብስሎት ነበር። «በየቀኑ ይመጣሉ። ይቀመጣሉ። ‹አይዞህ› ይሉኛል። የሚሉኝ ነገር እንዳለ ይሰማኛል፤ አይሉም። መርዶ ነጋሪ ነዎት፣ አይደል? ጊዜውን እየጠበቁ ነው የሚመላለሱት።»

«አቤኔ—»

«ሚስቴ ሞታለች። ባትሞት ኖሮ አንድ ቀን ትመጣ ነበር። ንገሩኝ በቃ፤ እችላለሁ። ለቅሶዋን እንኳ አልተቀመጥኩላትም። እዚህ ጋደም ብዬ ዳቦ ስበላ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«አልሞተችም» አለች ፍካት። «እኔ ነኝ። ፍካት ነኝ። አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

አቤኔዘር ፈገግ አለ፤ ደግ የሆነ፣ የምስኪን ፈገግታ። «መርዶ ነጋሪ ሁሉ እንዲሁ ነው። ‹ደህና ናት› ይላል መጀመሪያ።» ከዚያም እጁን በአየር ላይ እየዳበሰ ትራሱ ጫፍ ላይ አሳረፈና፣ ወግ ባለው ሰው ሥርዓት፣ ድምፅ አውጥቶ ሚስቱን ማልቀስ ጀመረ።

ፍካት ስሟን እየጠራ ሲያለቅስላት ተቀምጣ ሰማች። የዘረዘረው ሁሉ እውነት ነበር፦ ልብስ ስፌቱ፣ ጎርፉ፣ ልጃቸው። አስታማሚዋ ማንኪያውን አስቀምጣ አብራ አነባች። ፍካት ተነሥታ ትከሻዋን ነካቻት።

«ደሴ ደውይልኝ» አለች። «ይሁን በያቸው።»

*

«አንተ ሰውዬ!» አለው ድምፁ በማግስቱ ጠዋት።

ለቤተሰብ እንዲሰማ ራስጌው ላይ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ተደርጎ ነበርና ፍካትም ሰማችው። ያለምትክ ነበር የደረሳት፤ ፈቃድ ያለው ድምፅ ነውና። ከሻካራነቱ ጀምሮ ሁሉ ነገሩ የእሷ ነበር።

አቤኔዘር ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። «ፍኬ?»

«ታዲያ ማን ይሆናል?»

«የት ጠፍተሽ ነው! የት ጠፍተሽ ነው፣ ወይዘሮ ፍካት! ሞተሻል ብዬ አለቀስኩልሽ እኮ፣ ትናንት፣ እንደ ጉድ!»

«ደሴ ሄጄ ነበር፤ እማዬ ቤት። ምን ብለህ አለቀስክልኝ? እስቲ ድገምልኝ።»

ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማችው ሁለት ክረምት ሆኗታል። ዳቦ ጠየቀ፤ አስታማሚዋ ስትሰጠው ዳር ዳሩን ጨረሰ። «ደመናው እንዴት ነው?» አለ። ድምፁ መስኮት አያይም፤ ግን ወሩን ያውቃል። «ጠቁሯል። ከሰዓት ይዘንባል» አለው። ዘነበም።

ሐምሌ እንዲህ አለፈ። አቤኔዘር ወፈር አለ። ሐኪሙ ተገረመ፤ «እንዲያውም ክረምቱን ሊወጣ ይችላል» አለ፣ ከፍካት ራስ በላይ እያየ። ፍካት ጠዋት ትመጣለች፤ ማታ ትሄዳለች። እግሩን ታሻለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ ጥፍሩን ትቆርጣለች። ጣቶቹ የደነዘዙ ናቸው፤ ማን እንደያዛቸው አይለዩም። አትናገርም። ሁለቱ ሲጨዋወቱ ታዳምጣለች። አንዳንድ ቀን ድምፁ እሷ ያልነገረችውን ነገር ይናገራል፣ እሷ ልትለው ትችል የነበረውን፤ አንዳንዴም ከእሷ የተሻለ ይለዋል። ስትጣላው የምታጠፋውን ድምፁ አያጠፋም። አይደክመውም። አቤኔዘር ሌሊት ቢነቃ እንኳ አለ።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ባባራበት አንድ ከሰዓት፣ አቤኔዘር ስለ ልጃቸው አነሳ። በዚያ ሌሊት ጆሮዋ ሥር ያላትን ቃል፣ እሱ ራሱ፣ ለድምፁ ደገመለት። ድምፁም፣ «አስታውሳለሁ» አለው። «ያን ቃል ስላልከኝ ነው በማግስቱ መነሣት የቻልኩት።»

ፍካት ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለእናቷም። እውነት ግን ነበር። አፏን በነጠላዋ ብትይዝም ለቅሶዋ አመለጣት።

አቤኔዘር ራሱን ቀና አደረገ። «ፍኬ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው አለ።»

«አዎ፣ አለ።»

«ማን ነው?»

«ጠያቂ ናት» አለ ድምፁ። «አንተን ልትጠይቅ መጥታ ነው።»

«ምስኪን። አመስግነሽ ሸኚልኛ። ሰው ፊት ስለ ልጃችን ማውራት አልችልም።»

«እህቴ» አለ ድምፁ፣ ወደ ክፍሉ፣ ከትንሹ ድምፅ ማጉያ፣ በፍካት ድምፅ። ጨዋ ነበር፤ እሷ ራሷ እንግዳ ስትሸኝ እንደምትለው ነው የሚለው። «ስለመጡ እግዚአብሔር ይስጥልን። ደከም ብሎታል። ነገ ብቅ ቢሉ አይሻልም?»

ፍካት ቆመች። ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገችለት። ነጠላዋን አጣፋች፤ በሩ ጋ ደርሳ ዞረች፤ ጠያቂ ሲወጣ የሚለውን አለች።

«እግዜር ይማርህ።»

«አሜን» አለ አቤኔዘር፣ ፊቱን ማስታወቂያ እንደሰማ ሰው ወደ ጣሪያው አቅንቶ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ።»